ዶክተሩ ያወራውና ልጄ የነገረችኝ

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ እዚህ ዴንቨር የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው አጠር አድርጎ ሲነግረኝ ደስ አይለኝም፤ የቀረውን የት አደረገው እላለሁ።

ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። እንግሊዝኛዬም ከሥራ ቦታ አያልፍም። ስለዚህ ወገቤን አሞኝ ስመረመር፣ በኋላም ከመቅኒዬ በመርፌ ሲወሰድ፣ የምታስተረጉምልኝ ትልቋ ልጄ ሜሮን ነበረች። የመቅኒ ካንሰር መሆኑን ነግራኛለች፤ ማይሎማ ይሉታል። "ግን ቀላሉ ነው ማሚ" አለችኝ።

ውጤት የምንሰማ ቀን ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ እየጠቆመ ብዙ አወራ። ሜሮንም መለሰችለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ጥሩ ነው አለ፤ መድኃኒት ትጀምሪያለሽ" አለችኝ።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

አላመንኳትም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀድሜም ጠርጥሬ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ሪኮርድ ላይ አድርጌው ነበር። ምን ላድርግ? ትንሿ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አባቷ የለም። ዕድሜዬ አጭር ከሆነ ማን ጋ እንደምተዋት ማወቅ ነበረብኝ።

ሜሮን ሥራ ስለነበረባት መኪና ጠርታልኝ ሄደች። ሹፌሩ ሐበሻ ሆነ። ቻምበርስ ሮድ፣ አፓርትመንታችን በር ላይ ስንደርስ ስልኬን ሰጠሁት።

"የኔ ልጅ፣ ይህን ስማና ምን እንዳለ ንገረኝ።"

ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማ። ፊቱ ልውጥ አለ።

"ደህና ነው እኮ የሚለው፣ እናቴ።"

"አንተም ጀመርክ? ደህና ነው ለማለት ይህን ሁሉ ይለፈልፋል?"

"እባክዎ፣ እኔን መርዶ ነጋሪ አያድርጉኝ።"

"ልጅ ወልደሃል?"

"አንድ አለችኝ።"

"እንግዲያው በእሷ ሞት ንገረኝ።"

መኪናውን ፓርክ አደረገና ሞተሩን አጠፋ። ድምፁን እያቆመ እያስኬደ ሁሉንም ነገረኝ። በመቅኒዬ ውስጥ ምልክቶች አግኝተዋል። ከካንሰሩ በኩል ያለው ምልክት መጥፎ ነው፤ በሽታው ታክሞም ቶሎ ሊመለስ እንደሚችል ያሳያል። በሽታ የሚከላከሉልኝ ሴሎች ግን ገና አልደከሙም፤ ይሄኛው ጥሩ ነው። ዶክተሩ፣ "ምልክቶቹ መድኃኒት ለመምረጥ ይረዱኛል፤ ስንት ዓመት እንደምትኖር ግን ልነግራችሁ አልችልም" ብሏል።

"ይሄ ደግሞ የልጅዎ ድምፅ ነው" አለ ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ። "'ራሴ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፣ ዛሬ አይሁን' እያለች ነው።"

ሜሮን ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። "ለእናት መዋሸት ማን አስተማረሽ?"

መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ተቆጣች። "አንቺ ነሻ! አያቴ ስትሞት፣ ፋይናል ፈተናዬን እስክጨርስ ብለሽ ሦስት ሳምንት አልደበቅሽኝም? ደውዪላት ስልሽ፣ ተኝታለች ስትዪኝ አልነበር?"

እውነቷን ነው።

አሁን መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነው። አፖይንትመንት ሲኖረኝ የሆስፒታሉ አስተርጓሚ በስልክ ይነግረኛል፣ ሜሮን አጠገቤ ትቀመጣለች። አስተርጓሚውንም ቢሆን አላምነውም፤ እሱ ሲጨርስ የእሷን ፊት አያለሁ። የዚያን ሹፌር ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ። ልጁን ያሳድግለት።

እኔ ባልኖር ትንሿን ልጄን ሜሮን እንደምታሳድጋት ተነጋግረን ጨርሰናል። ለትንሿ ግን የነገርኳት "ወገቤን ነው" ብቻ ነው። ትምህርት ይዘጋ አልኩ። ደግሞ ልደቷ ይለፍ አልኩ። ባለፈው እሑድ መድኃኒቴን ስውጥ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ማሚ፣ ይሄ ለወገብ ነው?"

"አዎ" አልኳት።

ብልቃጡን አንስታ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች። እሷ እንግሊዝኛ ታነባለች። ቀማኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳወራት ፊት ፊቴን ታያለች።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልነግራት ነው። ሜሮን ታግዘኝ ብዬ ነበር፤ ተውኩት። አፌ እንዳመጣልኝ ራሴ እነግራታለሁ። ሹፌሩን በለመንኩት ጊዜ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።