ከራዲያተሩ የሚጎድለው ውሃ

ባለፈው ሰሞን ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣውን ዳገት ስንያያዘው አንድ ያረጀ ሚኒባስ ኮፈኑን ከፍቶ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘን። ሾፌሩ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ቀስ እያለ ሲያላላው ያ የማውቀው ሽታ፣ የዝገትና የፈላ ውሃ ሽታ፣ ከትኩስ ጎማ ጋር ተደባልቆ በመስኮቱ ገባ። ባለቤቴ «ውሃ ጨርሶ ነው» ብሎ አለፈው። እኔ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ «ማን ጨረሰበት?» የሚለው ነው። ይህ የአባቴ ውርስ ነው፤ መሬት አላወረሰኝም፣ ጥርጣሬ ግን ከእኔም አልፎ ለልጆቼ ይበቃል።

አባቴ ከጎጃም መጥቶ ሱሉልታ የከተመ የወተት ነጋዴ ነበር። ሰማያዊ ቀለሟ ከፀሐይ ብዛት ወደ አመድነት የተለወጠ አሮጌ ፒካፕ ነበረችው፤ በየማለዳው የገበሬውን ወተት በጀሪካን ጭኖ፣ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ፣ አዲሱ ገበያ ያለው ትምህርት ቤቴ ያደርሰኝና ወደ ደንበኞቹ ይሄዳል። የቤታችን በር ለመኪና ስለሚጠብብ ፒካፗ የምታድረው ከጎረቤታችን ከኦቦ ገመዳ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ከጭድ ክምሩ አጠገብ ነው። ኦቦ ገመዳ ላም አርቢ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሳቃቸው ከቤታችን ድረስ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ለሚን ክርስትና ያነሳው አባቴ ስለሆነ ሁለቱ «አበልጄ» እንጂ በስም አይጠራሩም። እኔና ለሚም በአንድ ዓመት የተወለድን፣ በአንድ ግቢ አፈር የፈጨን ልጆች ነን።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር የተነሳ ጊዜ ግን ከተማው ባንዴ ጠባዩ ተለወጠ። ተማሪው አደባባይ ወጣ፣ ወታደር መጣ፣ ድንጋይ የተደረደረበትን መንገድ ጠዋት ስናልፍ አባቴ መሪውን ጨብጦ ትንፋሹን ይይዛል። ሰው በሻይ ቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ አዲስ ሰው ሲገባ ደግሞ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል፤ ያን ዓመት ስለ ዝናብ የተወራውን ያህል ቢዘንብ ኖሮ ሱሉልታ ባሕር በሆነች። በዚህ መሀል ለሚን ወታደሮች ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ወሰዱት። ሲመለስ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ እንደ ድሮው የማያበሽቀኝ ልጅ ሆኖ ነበር። ማን ጠቆመበት? ሰፈሩ በሙሉ ይህን እየጠየቀ እርስ በርሱ ይተያያል።

ውሃው መጉደል የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ አመሻሽ ላይ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልቶ ያሳድራል፤ ጠዋት ሲከፍተው ወርዶ ያገኘዋል። ዳገቱን ስንጀምር የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ ይጠጋል፣ አናቱ ላይ ከመድረሳችን ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል፣ እኔም የደንብ ልብሴን እየሰበሰብኩ የውሃ ጀሪካን ይዤ እወርዳለሁ። ወተቱ ሊበላሽ፣ ትምህርት ሊያልፈኝ ነው፤ አባቴ ግን ቆሞ መሬቱን ያያል። መሬቱ ደረቅ ነው። ከሥሯ አጎንብሶ ቱቦዎቹን በጣቱ ይዳብሳል፣ ምንም ርጥበት የለም። የማራገቢያዋን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አስቀየረ፣ ክዳኑን አዲስ ገዛላት፣ ያው ነው። እንግዲህ ውሃ ክንፍ የለውም፤ መሬት ካልፈሰሰ ሰው ቀድቶታል ማለት ነው። አባቴ የደረሰበት ምርመራ ይህ ነበር።

መኪናዋን ለመጠበቅ የፈጠረውን ዘዴ ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል። ከእናቴ መርፌ ማስቀመጫ ጥቁር ክር ወስዶ የራዲያተሩን ክዳን አሰረው፤ የነካ ሰው ካለ ይበጠሳል። ጠዋት ክሩ እንዳለ ነበር፣ ውሃው ግን ጎድሏል። ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲያው የነካት የለም» ብሎ ያርፋል። አባቴ ግን «ክሬን አይቶ መልሶ አሰረው» አለና ይባስ ብሎ ከምድጃችን አመድ ዘግኖ በመኪናዋ ዙሪያ ነሰነሰ። በማግስቱ አመዱ ላይ የቦቲ ጫማ ዱካ ዙሪያውን ታትሞ አገኘን። ዱካው የኦቦ ገመዳ ነው። በገዛ ግቢያቸው፣ በገዛ ላሞቻቸው መሀል ቢራመዱ ምን ይደንቃል? አባቴ ግን ፊቱ ጠቆረ።

ኦቦ ገመዳ የወተቱን ባልዲ አንጠልጥለው «አካም ቡልተን?» እያሉ እንዴት እንዳደርን ሲጠይቁ፣ አባቴ ሰላምታውን ሳይመልስ «አበልጄ፣ ውሃዬን ማን ነው የሚቀዳው?» አላቸው።

ቀልድ መሰላቸው። «ከጉድጓዴ የሰጠሁህን ውሃ መልሼ ልስረቅህ?» ብለው ሳቁ።

አባቴ ያኔ ዝም ቢል ኖሮ! «በለሚ ነገር ቂም ይዘህብኝ ከሆነ ፊት ለፊት ንገረኝ፤ በመኪናዬ አትምጣብኝ» አለ።

ኦቦ ገመዳ ባልዲውን አስቀመጡ። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አይቻለሁ። «ማል ጄታ? ምን እያልክ ነው?» አሉ። «በለሚ ነገር አንተን የምቀየምህ ለምንድን ነው?»

አባቴ ጀርባውን ሰጣቸው። መኪናዋን አስነስቶ እኔን ወደ ውስጥ እየገፋ ወጣ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፒካፗ ከደጃችን፣ መንገድ ላይ ማደር ጀመረች። በዚያ ዘመን መኪና መንገድ ዳር ማሳደር እሳት መጥራት መሆኑን ልጅ እንኳን ያውቃል፤ ስለዚህ አባቴ ማንን ከእሳት ይልቅ እንደፈራ ሰፈሩ በሙሉ ገባው።

ውሃው እኛም ደጅ መጉደሉን አላቆመም። አባቴ ለጥቂት ቀናት እናቴንም ጠርጥሮ በዓይኑ ሲከታተል ከረመ፤ አንድ ጠዋት ሞተሩ ዳገቱ አናት ላይ ፈልቶ ጨርሶ ቆመ። ቁልቁለቱን በሰው መኪና ተጎትተን አንድ ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ራዲያተሩን ሞልቶ፣ ክዳኑን ሳይገጥም «አስነሳው» አለ። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን፤ ውሃው ገና ሳይሞቅ እንደ ሽሮ ድስት ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ከጭስ ማውጫው ከማርሚታው ነጭ ጭስ እየተግተለተለ ይወጣል። የዘይቱን መለኪያ ሲመዘው ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል።

«የቴስታታው ጋስኬት፣ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተበልቷል» አለ። «ውሃዋን ራሷ ነች የምትጠጣው፤ ወደ ውስጥ አስገብታ በጭስ ታወጣዋለች። መሬት ላይ ብትፈልግ በምን ታገኘዋለህ?»

 ቤት ስንደርስ አባቴ ልብሱን ሳይቀይር ሁለት ሽማግሌ ይዞ ኦቦ ገመዳ ዘንድ ሄደ፤ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዘው አነሱት፣ ይቅር ለእግዚአብሔር አሉት፣ አብረው በሉ። የዱካውን ነገር ያወራኝ በኋላ ለሚ ነው፤ ለካ ልጆች መኪናዋን ሊያቃጥሏት ነው የሚል ወሬ ሰምተው ኦቦ ገመዳ በየንጋቱ እየተነሱ ይዞሯት ኖሯል። «ለመኪናችሁ እንዳይመስልሽ» አለኝ ለሚ፤ «ለጭዱ ፈርቶ ነው።» ከረጅም ጊዜ በኋላ አብረን የሳቅነው ያን ቀን ነበር።

ሞተሩ ተጠግኖ ብዙ ዓመት ሠራ፤ ፒካፗም ወደ ግቢያቸው ተመለሰች። ያ ሳቅ ግን ወደ ቤታችን አልተመለሰም። ኦቦ ገመዳ አባቴ ሲያወራ አፉን ሳይሆን ዓይኑን ማየት ለመዱ። ከዚያ ጠዋት በፊት፣ ለሚን ያስያዘው አባቴ ይሆን የሚለው በሐሳባቸው እንኳን አልፎ አያውቅም ነበር፤ እርቁ ላይ ደግሞ ስለ ውሃው እንጂ ስለዚህ ማንም ምንም አላነሳም። እኔ ልጅነቴ አለቀ የምለው እዚያ ላይ ነው፤ የሁለት ቤት ልጅ ነበርኩ፣ የአንድ ቤት ልጅ ሆኜ ቀረሁ፤ አሁንም ሳስበው ያመኛል።

አባቴን የቀበርን ዕለት ኦቦ ገመዳ በከዘራ ተደግፈው ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጡ። አርጅተዋል። ሰው ሲቀንስ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ልጄ» አሉኝ፤ «አሁን እሱ የለም፣ አልቀየመውም። ለሚን ያስያዘው እሱ ነበር?»

«አይደለም፣ በፍጹም! እንዴት እንዲህ ያስባሉ?» አልኩና በአባቴ አፈር ማልኩላቸው።

ጉልበቴን መታ መታ አድርገው «ገላገልሽኝ» አሉ፤ እፎይ ሲሉም ሰማሁ። ቀስ ብለው ተነስተው ሄዱ።

የማልኩት ስለማውቅ አልነበረም፤ ስለምወደው ነው። እርሳቸው ያወረዱትን ጥያቄ እኔ ተሸክሜው ቀረሁ፦ ያን ጠዋት ማንም ሳይጠይቀው፣ ስለ ውሃ እያወራን፣ አባቴ የለሚን ስም ለምን አነሳ?