የቆለፍኩት የኮምፒውተር ክፍል

«ቲቸር፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንዴት ነው የሚኬደው?»

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ፣ በኮምፒውተር የሚሰጠውን የአስራ ሁለተኛ ክፍል ሞዴል ፈተና ስፈትን አንዲት ልጅ ማውሱን በሁለት እጇ ይዛ ጠየቀችኝ።

ቀና ስትል አወቅኳት። ጃጁራ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት አይሲቲ ያስተማርኳት ናት፤ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። የማውስን ጥቅም በቃሏ ትወጣዋለች። ነክታው ግን አታውቅም።

ኮምፒውተር አጥተን አይደለም። «ልጆቹ ያበላሹታል» ብዬ የኮምፒውተር ክፍሉን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ንብረት ጠባቂ ተብዬም ተመስግኜበታለሁ፣ ጉድ እኮ ነው!

አሳየኋት። ሰዓቱ ሲያልቅ ግን ገና ግማሹ ላይ ነበረች።

«አመሰግናለሁ ቲቸር» ብላኝ ወጣች። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም።

መምህራን ጓደኞቼ፣ እናንተስ እንዲህ የበደላችሁት ተማሪ አለ? ጻፉልኝ። እኔ ብቻ ከሆንኩም ልወቀው።