ያልዘለቅሁት ጾመ ድጓ

ዝናብ የነካው የበግ ለምድ ሲሸተኝ ሁልጊዜ የቡሬው ክረምት ይመጣብኛል። ዓመቱን በእርግጥ አላስታውስም፤ ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት ወቅት መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። አንዳንዱንም ነገር ሌሎች ሲያወሩ ሰምቼ የራሴ አድርጌው ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱ ግን የራሴ ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ አይቀርም። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ደብር ጾመ ድጓ እማር ነበር፤ የዐቢይ ጾም ዜማ የተሰበሰበበት መጽሐፍ ነው። በመምህሩ ፊት ከዳር እስከ ዳር ያዜመው ተማሪ «ዘለቀ» ይባላል። በግንቦት ፈረስ ቤት እስከምትባለው ከተማ ድረስ ሄጄ፣ ዋናውን ድጓ የሚያስተምሩት ስመ ጥር መምህር እንዲቀበሉኝ ለምኛቸው ነበር። «ክረምቱን ጾመ ድጓህን ዝለቅና መስከረም ላይ ና። መምህርህ ዘልቋል ካሉ ቦታ አለህ» አሉኝ።

ያ ክረምት ግን ከፋብኝ። ሐምሌ ላይ የወባ ንዳድ ያዘኝ፤ እየተመላለሰ ሲያንቀጠቅጠኝም ከረመ። ለመምህሬ አልነገርሁም፤ ቁጡ ነበሩና ሰበብ ፈላጊ እንዳይሉኝ ፈራሁ። በነሐሴ መጨረሻ ፊታቸው ቀርቤ ሳዜም ጣራው ያፈስስ ነበር፤ ጠብታው ምድጃው ላይ ሲያርፍ የራሰ አመድ ይሸታል። በዕዝል ስልት የሚባለውን በግዕዝ ስልት ጀመርሁት። ይህ ለዜማ ተማሪ በሠርግ ቤት ሙሾ እንደ ማውረድ ነው። ሦስት ቦታ ደግሞ ቃሉ ጨርሶ ጠፋኝ። መምህሬ መቋሚያቸውን ይዘው፣ «አልዘለቅህም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

መስከረም ሲጠባ ልሰናበታቸው ሄድሁ። «ወረቀት አልጽፍልህም» አሉኝ። «ወታደሮቹ ካገኙብህ የአርበኛ ደብዳቤ ነው ብለው ይሰቅሉሃል። የሆነውን በአፍህ ንገራቸው።»

እንዲህ ፍርዴን ራሴ ተሸክሜ ወጣሁ። የመኪናውን መንገድ ሸሽቼ በቋሪት በኩል ነበር የሄድሁት፤ ገበዘ ማርያም ያደርሁ ይመስለኛል። የባቄላ አበባ ሽታ ዳገቱን ሁሉ ሞልቶታል። «ዘልቄአለሁ» ብል ማን ያውቅብኛል? እየተራመድሁ እውነቱንም ሐሰቱንም ተለማመድሁ፤ ሐሰቱ ይበልጥ ይቀናኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ውጤት በተለጠፈ ቁጥር ሰሌዳው ፊት የቆምሁባቸው ጥዋቶች ሁሉ ቢደመሩ የዚያን መንገድ ጭንቀት አያህሉም።

ፈረስ ቤት ስደርስ አንድ አንጋፋ ተማሪ ከጎጆው ደጃፍ አየኝ። «ይሄ ደግሞ ከንዳድ አገር የመጣ ነው፤ እጁን እንዳትነኩት!» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀብኝ። መምህሩ ከዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ቆምሁ።

«እህ፣ ክረምቱ እንዴት ነበር?»

የተለማመድሁት ሁሉ ጠፋኝ። «የኔታ፣ አልዘለቅሁም። ዕዝሉን በግዕዝ አልሁት። ሁለት ቦታም ቃሉ ጠፋኝ።»

«ሁለት ብቻ?»

«ሦስት ነው፣ የኔታ።»

አንጋፋው ተማሪ ሳቁን መያዝ አልቻለም። መምህሩም ሳቁ። «በል እንግዲያ ለጎጆህ የሚሆን ሣር እጨድ። የጎደለህን እዚሁ ትሞላዋለህ።»

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ እንዲያ ያለ እፎይታ ግን አላስታውስም።

ለምን ያን ያህል በቀላሉ እንደ ተቀበሉኝ ሳይገባኝ ዓመታት አለፉ። የቡሬውን መምህሬን ዳግመኛ አላየኋቸውም፤ ጣልያን ሳይወጣ ዐርፈዋል። ያ አንጋፋ ተማሪ ሸምግሎ፣ ቄስ ሆኖ ሳገኘው ነው የነገረኝ፦ እኔ ከመድረሴ በፊት አንድ የጨው ነጋዴ ከቡሬው መምህሬ ለየኔታ የቃል መልእክት አድርሶ ኖሯል። እንደ ራሴ ትዝታ ሁሉ የእሱንም ተጠራጠርሁ። ስለዚህ ነጋዴውን አፈላልጌ ፍኖተ ሰላም ከልጃቸው ቤት አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል፤ ቃሉን ግን አልረሱትም፦ «ልጁ ንዳድ እያንቀጠቀጠው ነው ያዜመልኝ። ተቀበሉልኝ።» መምህሬ ከደብሩ በታች እስካለው ወንዝ ድረስ ሸኝተዋቸው፣ አንዲት ቃል እንዳትጎድል አራት ጊዜ አስብለዋቸዋል።