ያልተለጠፈው ፎቶ

ጎረቤቴ ላቨርን ኩቤና በቴክሳሷ ትንሽ ከተማችን ዳር ጋራዥ አለው። ተጋጭተው ኢንሹራንስ አይጠገኑም ብሎ የጣላቸውን ፒካፖች ከጨረታ ገዝቶ፣ ጠግኖ ይሸጣል። ሊብሬያቸው ላይ "ወድሞ የተጠገነ" ተብሎ ስለሚጻፍ ገዢ ይፈራል። ስለዚህ ላቨርን መኪናው ሲመጣ የነበረበትን ጉዳት ሁሉ ፎቶ አንስቶ የፊት መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ሰው የሚያምነው በዚህ ነው።

አንድ ጊዜ የገዛው ቀይ ፒካፕ ግን ሻንሲው፣ መላ አካሉን የሚሸከመው ዋናው ብረት፣ ተጣሞ ነበር። አቃንቶ በየደው፤ የሻንሲውን ፎቶ ግን ሳይለጥፍ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በመኪናው አጠገብ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋ ነበር።

ገዢው የልጅነት ጓደኛው ኦዴል ሆነ። በአሮጌ መኪናው ጥጆች የጫነ ተሳቢ እየጎተተ መጣ። ፎቶዎቹን ዞር ብሎም አላያቸው።

"አንተ የሠራኸውን ደግሞ ምን አያለሁ? ይልቅ ያን መላጣህን ብትጠግነው!" ብሎ ሳቀ።

ላቨርን ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ኦዴል ተሳቢውን ከቀዩ ፒካፕ ጋር አያይዞ ሞተር ሲያስነሳ ላቨርን በሩን ያዘበት።

"ቆይ፣ አጥፋው። ሻንሲው ተጣሞ ነበር። እኔ ነኝ የበየድኩት።"

ኦዴል ወርዶ ከሥር ተጋደመና ረጅም ጊዜ አየው።

"ብየዳው ያምራል። ለምን ደበቅከኝ?"

"መግዛቱን ትተወዋለህ ብዬ።"

"ይህን ጭነት መጎተት ይችላል?"

"የሚችል ይመስለኛል።"

ኦዴል ቁልፉን ዘረጋለት። "እንግዲያው ጥጆቹን አንተ አድርስልኝ። እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ።"

ላቨርን ቁልፉን አየው፤ እጁ ግን ከኪሱ አልወጣም። ኦዴል ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ተሳቢውን ከቀዩ ፒካፕ ይፈታ ጀመር።