የጅብ ጥላ በፍልሰታ

እኛ ወሎዬዎች እንጉዳይን የጅብ ጥላ ነበር የምንለው። የጅብ የሆነን ነገር ደግሞ ማን ይበላል? በደርግ ጊዜ ለሰፈራ አሶሳ በወረድን በመጀመሪያው ክረምት፣ ከጓሯችን ኩይሳ ሥር ነጭ በነጭ ሆኖ ፈላ። አባቴ ልጆቹ እንዳይነኩት ብሎ በዶማ ጠርጎ ጣለው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል፤ እሱ ግን ያገሩን ሰው አልጠየቀም። ብዙም ሳይቆይ ወባ ያዘው። የራሽኑ መኪና ጭቃ ይዞት ሲቀር፣ "ትንሽ የሥጋ መረቅ ቢገኝ" እንዳለ ሞተ።

በዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ እናቴም ከወባ ገና አላገገመችም ነበር። በሽተኛ አይጾምም ብላት ማን ሊሰማኝ። የማሽላ ቂጣዋን ለታናናሾቼ እየሰጠች እሷ ውሃ ትጠጣለች። ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ትልቋ እኔ ነኝ፤ እሷ ከሄደች የነዚያ ልጆች እናት እኔ ልሆን ነው።

ጎረቤታችን የበርታ ሴት ናት፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የምትለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቅል ወጥ ይዛ መጣች። እናቴ አንዴ ቀመሰችና ተፋችው።

"በእመቤቴ ጾም ሥጋ አበላሽኝ" ብላ አለቀሰች።

ሴትዮዋ አልተቀየመችም። "ወላሂ ሥጋ የለም። ና፣ ተነሳ፣ ራስህ እይ" አለቻት።

ደግፈናት ወደ ጓሮ ወጣን። አጥሩ ዳር ካሉት የፈረንጅ ጥዶች ሥር ቡናማ እንጉዳይ በቅሏል። ልነቅል ስል ሴትዮዋ እጄን መታችኝ።

"ይሄ አላውቅም። የማላውቀው አልበላም።"

ኩይሳው ጋ ስትደርስ ግን ተንበረከከች። አንዱን ቀስ ብላ ሳበችው፤ ሥሩ እንደ ጅማት ረዝሞ ከምስጡ ቤት ወጣ። "ይሄ ነው" አለች።

እናቴ በገዛ እጇ ነቀለች። አፈሩን አጠበች፣ በጣቷ ሰነጣጠቀችው፣ በራሱ ውሃ አብስላ ጨውና የተወቀጠ ሰሊጥ ጨመረችበት። ድስቷን ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም።

ጎረሰች። ደገመች። ተረፈችልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ እንባዋ ወረደ።

"ምነው እማ?"

"ሥጋ ሥጋ ይላል" አለች። "አባትሽ በዶማ የጣለው ይሄን ነበር እኮ።"

እያለቀሰችም ቢሆን ጨረሰችው።