የካሴ ውሻ

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ ማታ ማታ እቤታችን እየመጣ ተረት የሚያወራልን ካሴ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ያኔ ሁላችንም አያ ካሴ፣ አንቱ እንለው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ይቀፈኛል። የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበው፣ ፍሙ ሲደበዝዝ እናቴ እፍ እያለች፣ እሱ ምድጃው ዳር ተደላድሎ ጣሊያንን ይረግም ነበር፤ በረገመ ቁጥር ጠላ ይጨመርለታል።

በዚያ ዓመት ፈንጣጣ ገባ። ጣሊያኖቹ ቡሬ ላይ የልጆችን ክንድ እየበጡ ይከትባሉ፣ የተከተበ ልጅ አይታመምም የሚል ወሬም ከገበያ መጣ። እናቴ እኔንና ታናሽ እህቴን የሺን ይዛ ልትወርድ አሰበች። ካሴ ይህን ሲሰማ ጊዜ አንድ ተረት አመጣ። የልጆች ክንድ ላይ ምልክት የሚያደርግ ንጉሥ ነበረ፤ ምልክቱ ያለበት ልጅ ንጉሡ ከሩቅ ሲጠራው እናቱን ጥሎ ይሄዳል አለ።

«ልጆችሽን እንደ ከብት ልታስተኩሻቸው ነው?» አላት።

እናቴ አማተበችና ቀረች።

የሺን ፈንጣጣ ያዛት። ውሃ፣ ውሃ እንዳለች ሞተች። ጎረቤቱ ፈርቶ አልቀረበም፤ አባቴ ብቻውን ቀበራት። ካሴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «የአምላክ ፈቃድ ነው» ብሎን ሄደ። የአምላክን ፈቃድ ለሱ የነገሩት ይመስል!

በሽታው ገና ከአገሩ ሳይወጣ ጠበል ወረድን። ካሴም ሦስት የልጅ ልጆቹን አምጥቷል፤ ሦስቱም ክንዳቸው ላይ ሰፊ የቆዳ ክታብ ታስሮላቸዋል። ቄሱ ለጥምቀቱ አስፈቷቸው። ከየክታቡ ሥር በቅርቡ የሻረ ክብ ጠባሳ ብቅ አለ።

«አያ ካሴ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ውሻ ነክሷቸው ነው፣ ልጄ።»

«ሦስቱንም? ሁሉንም እዚያው ክንዳቸው ላይ?»

«ክፉ ውሻ ነው።»

«ውሻውስ አንተ ነህ!» አለችው።

ጣሊያንን ረግሞ ጠላችንን ይጠጣል፤ የራሱን የልጅ ልጆች ግን ሰው ሳያይ ቡሬ ወስዶ አስከትቧል! እናቴ ፀጉሬ ሳይደርቅ እጄን ይዛ ቁልቁል ወደ ቡሬ ነዳችኝ፤ ጠበሉ ላይ የነበሩት ሴቶችም ልጆቻቸውን አዝለው ተከተሉን። ከታቢው ጣሊያን የምንሸተው ይመስል አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ነበር። እናቴ በልቧ እየረገመችው ክንዴን ሰጠችው።

ያን ሰሞን ካሴ ደግሞ ደጃችን ሲመጣ፣ እናቴ ፍሙ ላይ ውሃ ደፋችበትና ቤቱ ጨለመ። እሱም ተመለሰ።

የቀረው ተረቱ ሁሉ ጠፍቶኛል። ማለዳ ስጸልይ ሙታንን በየስማቸው አነሣለሁ፤ ከየሺ እጀምራለሁ። እሱ ጋ ስደርስ፣ ይቅር በሉ ተብለናልና ካሴን ማርልኝ እላለሁ፤ አያ ግን አልለውም።