ቆዳ የለበሰው የጀልባ ገመድ

መምህርት ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ከሰኮሩ ወረድ ብሎ፣ የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ከተኛበት ማዶ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። ወላጆቼ ለቡና ለቀማ ከደቡብ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። በሰፈራችን ውሃ ማለት በርሜል ውስጥ ያለው ነበር፤ ጀልባ በዓይኔ ያየሁት የተመደብኩ ዕለት ነው። እግሬን አንስቼ ለመግባት ፈርቼ ዳር ላይ ቆሜ ስቀር፣ ቀዛፊው እጃቸውን ዘርግተው፣ «ቢስሚላህ በይና ግቢ» አሉኝ። እኔ ጴንጤ መሆኔን ስነግራቸው ሳቁና፣ «እንግዲያው የራስሽን በይ፤ ብቻ ግቢ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሰኞ ጠዋት እየሄድኩ፣ ዓርብ ከሰዓት እየተመለስኩ በእኚህ ሰው ጀልባ ተሻገርኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይወርድ አዛውንት ነበሩ። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደስ ሲላቸው «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል፤ ቅር ሲላቸው ደግሞ «መምህርት»።

ተሳፋሪው ሁሉ የሚያውቃቸው በገመዳቸው ነበር። ከሰው በፊት ገመዱን ነው ሰላም የሚሉት እያልን እንስቅባቸዋለን። ጀልባዋ የምትታሰረው በወፍራም የቃጫ ገመድ ነው፤ አንዱ ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ካለው ቀለበት፣ ሌላው ዳር ላይ ከተተከለ ብረት። በትምህርት ቤቱ በኩል ያለው ዳር ድንጋያማ ስለሆነ ገመዱ የአንድ ጥቁር ድንጋይ ጠርዝ ላይ ተኝቶ ያልፋል። ነፋስ ጀልባዋን ባወዛወዛት ቁጥር ገመዱ እዚያ ጠርዝ ላይ ይመላለሳል። አባባ እዚያ ቦታ ላይ ቆዳ አልብሰውት ነበር። ክንድ የሚያህል የበሬ ቆዳ፣ እንደ እጅጌ ገመዱን አቅፎ በጠፍር የተቋጠረ። ውሃው በበጋ ሲሸሽ፣ በክረምት ሲሞላ ገመዱ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። እሳቸውም ቆዳውን ወደፊት ወደኋላ እያንሸራተቱ ድንጋዩ ላይ ያሳርፉታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገመዱን በሙሉ ፈተው ያጥቡታል። በዓመት አንዴ ደግሞ ጫፍና ጫፉን ያገላብጡታል፤ በብረቱ በኩል የነበረው በጀልባዋ በኩል ይሆናል።

«ለአንድ ገመድ ይህን ያህል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ገመድ ስለተጎተተ ብቻ ቶሎ አይበጠስም፤ እየታሸ ነው የሚያልቀው» አሉኝ፣ መቅዘፋቸውን ሳያቋርጡ። «አሸዋ ደግሞ መሐሉ ይገባና ከውስጥ ይበላዋል። ላዩን አይተሽ ደህና ነው ትያለሽ።»

ይቺን የአሸዋዋን ነገር ነው እኔ ጥሩ አድርጌ የያዝኳት።

በሁለተኛው ዓመት፣ የቡና ለቀማው ሊያልቅ አካባቢ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት አባባ በትምህርት ቤቱ በኩል ካለው መንደር ዘመድ ሞቶባቸው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ጀልባዋን አሰሩ፤ ከለቅሶው ወደ ጁምዓ ሶላት እንደሚሄዱ፣ ከሶላት በኋላ እንደሚያሻግሩኝ ነግረውኝ ሄዱ። እኔ ክፍል ከመግባቴ በፊት ልብሴን ላጥብ ወደ ውሃው ወረድኩ። ሳሙናዬን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ዓይኔ ያ ቆዳ ላይ አረፈ። ጭቃ ጠጥቷል፤ ጠርዝና ጠርዙ በሚገጥምበት በኩል አሸዋው ታጭቆ ይታያል። ሰውየው በሐዘን ላይ ናቸው፣ ዛሬ እንኳ እኔ ላግዛቸው ብዬ ጠፍሩን ፈታሁት። ቆዳውን አውጥቼ በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት። ቁጥቋጦ ላይ አሰጣሁትና፣ ሲደርቅ እመልሰዋለሁ ብዬ ደወል ሲደወል ወደ ክፍል ሮጥኩ።

ረፋዱ ላይ ነፋስ ተነሳ። የክፍላችን ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። ግን ነፋስና ቆርቆሮ እንጂ ነፋስና ገመድ ጭንቅላቴ ውስጥ አልተገናኙም።

ትምህርት አልቆ ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ አንዲት እናት ጥቅላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ዳር ላይ ቆመዋል። ልጃቸው ሰኮሩ ጤና ጣቢያ ምጥ ላይ እንደሆነች ጠዋት በስልክ ተነግሯቸው፣ ሊደርሱላት የመጡ ናቸው።

«ጀልባዋ ሄደች» አሉኝ።

«ማን ወሰዳት?»

«ማንም። ራሷ ሄደች።»

ብረቱ ጋ የቀረውን ገመድ አነሳሁት። ጫፉ እንደ ፈረስ ጭራ ተበትኗል። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ የቃጫ ብናኝ ነጭ ሆኖ ተጣብቋል። ቁጥቋጦው ላይ ደግሞ እኔ ያጠብኩት ቆዳ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ደርቆ፣ እንደ ቅርፊት ተቆልምሞ ተሰጥቷል።  እኚያ እናት የእኔ ሥራ መሆኑን አላወቁም። «ማሎ፣ አንቺ መምህርት ነሽ፤ ስልክ ደውይና ሌላ ጀልባ አስመጪ» እያሉ ይለምኑኛል። ሌላ ጀልባ አልነበረም።

አባባ ከመስጊድ ሲወርዱ ከሩቅ አዩን። መሮጥ ጀመሩ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ጫማቸውን እየጣሉ፣ ቁልቁለቱን ሮጡ። ሲደርሱ የጠየቁት ስለ ጀልባዋ አልነበረም።

«ሰው አለባት?»

«የለባትም» አልኩ።

«ልጅ እንኳ?»

«ባዶዋን ነው፣ አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅን። ከዚያ ገመዱን አዩት። ቁጥቋጦውን አዩት። እኔን አዩኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «አሸዋ ይበላል ስላሉኝ ቆዳውን ላጥብ ብዬ...» እንባዬ ቀደመኝ።

«ቆይ፣ መምህርት። መጀመሪያ እኚህን ሴት እናሻግር።»

ጀልባዋ ውሃው ሲሞላ ሰጥመው በቀሩት ደረቅ ዛፎች መሐል ተሰክታ ትታይ ነበር። አባባ በአቅራቢያው በግንድ ታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ጎልማሳ ጠሩና አብረውት ሄዱ። ነፋሱ ከጠዋቱ ዞሮ ፊት ለፊት ነበር። አንድ እርምጃ ሲሄዱ ግማሽ ይመለሳሉ። እኔና እኚያ እናት ዳር ላይ ሆነን፣ እሳቸው በአላህ፣ እኔ በኢየሱስ ስም፣ ለአንድ ጀልባ ጸለይን። ደርሰው ሲያዞሯት እናትየዋ እልል አሉ።

 ማዶ ስንደርስ እናትየዋ አመስግነውን ባጃጅ ሊይዙ ሮጡ። እኔ ቀረሁ፤ ስድቡን ልቀበል። አባባ የተበጠሰውን ጫፍ በጣታቸው ሲያሹ ቆዩና፣

«ቆዳውን በሳሙና ካጠብሽው ስቡ ሄዷል፤ ደርቆ ይሰነጠቃል» አሉ። «ሰኞ ስትመጪ ከጅማ ሞራ ይዘሽ ነይ። ወስፌም። እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ አንቺ ትሰፊዋለሽ።»

«ብቻ?»

«ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ሰኞ ሞራና ወስፌ ይዤ መጣሁ። የእኚያ እናት ልጅ ሴት ልጅ በሰላም መገላገሏን፣ እናቷም ምጡ ሳያልቅ መድረሳቸውን አባባ የነገሩኝ ያን ጠዋት ነው። ከትምህርት በኋላ ዳር ላይ ቁጭ ብለን፣ እሳቸው ሞራውን በመዳፋቸው እያሞቁ ቆዳው ውስጥ ሲያሰርጉ፣ እኔ አዲስ ጠፍር የሚገባበትን ቀዳዳ በወስፌ ስበሳ፣ ወጣትነታቸውን ነገሩኝ።

ጅማ ውስጥ የቡና መኪና ጭነት አሳሪ ነበሩ። ጆንያው ተደርድሮ ሲያልቅ ላዩ ላይ ወጥተው፣ ገመዱን ከዳር ዳር ወርውረው የሚወጥሩት እሳቸው ናቸው። ገመዱ የካሶኒው ጠርዝ ላይ በሚታጠፍበት ሁሉ አሮጌ ጆንያ አጥፈው ከሥሩ ያስገባሉ። አንድ ቀን ሾፌሩ ቸኮለ፤ አንዱ ማዕዘን ሳይደረግለት ቀረ። ታናሽ ወንድማቸው ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚሄደው። ወደ ጊቤ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ገመዱ በዚያው ማዕዘን ተበጠሰ፤ ወንድምየው ከነጆንያው መንገድ ላይ ወደቀ።

«ሞተ?» አልኳቸው።

«አልሞተም። ግራ እጁ ግን ከዚያ ወዲህ አልሠራለትም። አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም።» ቆዳውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። «በአንድ እጁ ሲለፋ ሳየው ዓይኑን ማየት ያቅተኝ ነበር። አንቺም ዓርብ ዕለት እንደዚያ ሆነሽ አየሁሽ።»

 ያን ጊዜ ወስፌው ጣቴን ወጋኝ፤ ደሙ ቆዳው ላይ እንዳይነካ እጄን ወደ ኋላ ስደብቅ አይተውኝ፣ «ይሁን፣ ቆዳ ደም ያውቃል» ብለው አሳቁኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት የዚያ ገመድ ልብስ ሰፊ እኔ ሆንኩ። ሰኞ ሰኞ አንድ ነገር ይጠብቀኛል፤ የተፈታ ጠፍር፣ አዲስ የተገኘ የቆዳ ቁራጭ፣ አንዳንዴም ምንም። ምንም ሳይኖር ሲቀር እንኳ ቁጭ እንላለን። ጠዋት ውሃው ላይ ጉም አለ፤ ከማዶ የገበያተኛው የኦሮምኛ ወሬ ሰዎቹ ሳይታዩ ጥርት ብሎ ይመጣል። አሁን ስለዚያ ሥራ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ይህ ነው፤ የሞራው ሽታና ያ ድምፅ።

ወደ ጅማ ተዛውሬ በሄድኩ በዓመቱ አባባ ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ቀዘፋውን ተዉት። ጅማ ጥግ፣ ጅሬን ያለች ልጃቸው ወሰደቻቸው። ሞተር ያለው ጀልባ መጥቷል፣ ገመዱም ናይለን ሆኗል አሉ። ለዒድ ልጠይቃቸው ስሄድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። በድምፄ አወቁኝ።

«ውሃው የት ደርሷል?» አሉኝ።

«ከዚያ ከሄድኩ ቆየሁ፣ አባባ።»

«አዎ፣ ረስቼ ነው።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስናወራ እጃቸው የቦርሳዬን ማንገቻ አገኘና እንደ ልማዱ ቁልቁል እየዳሰሰ ሄደ። ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ኢንተላ ኮ፣ ይሄ እዚህ ጋ ሳስቷል። ሳይበጠስብሽ ስፊው።»

«እሺ፣ እሰፋዋለሁ።»

«ዛሬ» አሉ።

ልጃቸው ሳቀችና መርፌና ክር አመጣችልኝ። በረንዳው ላይ እሳቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሰፋሁት። ስጨርስ ማንገቻውን ተቀብለው ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረጉትና፣ «ጋላቶሚ» ብለው መለሱልኝ፤ ያመሰገኑት እሳቸው ነበሩ።